15 ዓመት የቆመ ሞቶ ጉዚ፦ ሞተሩ ይፈታ ወይስ አይፈታ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ሚላኖ ነው የምኖረው። ጎረቤቴ ከነበሩ አዛውንት በፈረንጆች 1977 የተሠራ ሞቶ ጉዚ 850 ቲ3 የሚባል የጣሊያን ሞተር ሳይክል ገዛሁ። 15 ዓመት ያህል ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። አዲስ ባትሪ አስገብቼ፣ ትንሽ ቤንዚን ጨምሬ ሞከርኩት፤ ተነሳ። የሚሠራው ግን በቀኙ ሲሊንደር ብቻ ነው። የግራው ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ቀዝቃዛ ነው። ቁልፉን ስከፍት ቀዩ የባትሪ መብራት አይበራም። የፍሬን ፔዳሉም እስከ ታች ይወርዳል። አንድ ያውቃል የሚባል ሰው ‹ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይፈታ› አለኝ። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና ተራ መፍቻ ቁልፎች አሉኝ። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። ጥሩ ዕቃ ነው እጅህ የገባው። መልሴ አጭር ነው፦ ሞተሩን አትፍታ። ቢያንስ ገና አትፍታ።

የነገርከኝ ሦስት ችግሮች ናቸው። ሦስቱም በብዛት ምንጫቸው ከሞተሩ ሆድ ውጭ ነው። ቆሞ የኖረ ሞተር ሳይክል የሚታመመው በኮንታክት፣ በጎማና በደረቀ ቤንዚን ነው። ሳይመረመር የተፈታ ሞተር ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። የብሎን ጥርስ ይበላል፣ ሮንዴላ ይጠፋል፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ይቀደዳል። ሁሉንም ችለህ መልሰህ ስትገጥመው የግራው ማርሚታ ያው ቀዝቃዛ ነው። ብልጭታውን የሚቆጣጠረውን ኮንታክት፣ ፑንቲናውን፣ ማንም አልነካውማ!

ቲ3 በተለይ ለመፍታት ይጋብዛል። የጉዚው መሐንዲስ ሊኖ ቶንቲ ለ1971ዱ ቪ7 ስፖርት የነደፈው ሻሲ የታችኛው ዘንጎቹ በብሎን የሚለቁ ናቸው። ቲ3ም ያንኑ ሻሲ ነው የወረሰው። ዘንጎቹን ስትፈታ ሞተሩ መሬት ላይ ቁጭ ይላል፣ ሻሲው ከላዩ ይነሳል። ስለሚቀል ብዙ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ይፈታዋል፤ ከዚያ ለዓመታት በካርቶን ያስቀምጠዋል። የምትገዛቸው «ፕሮጀክቶች» ግማሾቹ እንዲህ የተበታተኑ ናቸው።

እኔን የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱን ሳታይ ሁለተኛ እንዳታስነሳው።

የዚያን ዘመን የቲ3 ሲሊንደር አሉሚኒየም ነው። ፒስተኑ የሚመላለስበት የውስጥ ግድግዳ ደግሞ በስስ ክሮም የተለበጠ ነው። ክሮሙ ራሱ ጠንካራ ነው። ግን ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ሲቆም እርጥበት ከሥሩ ይገባና ያነሳዋል። ከዚያ ሞተሩ ሲሠራ መላጥ ይጀምራል። የተላጠው ቅርፊት ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይበላል። ከዘይት ጋር ወርዶም ኩሽኔታውን ይቧጭራል።

ስለዚህ ሁለቱንም ካንዴላ አውጣ። በስልክ የሚሠራ ቀጭን የካሜራ ቱቦ በርካሽ ይሸጣል። አንድ ግዛና በካንዴላው ቀዳዳ አስገባው። ሞተር ሳይክሉን በመሃል መቆሚያው አቁመህ፣ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብተህ፣ የኋላ ጎማውን በእጅህ እያዞርክ ፒስተኑን ወደ ታች አውርድ። ደህናው ክሮም ወጥ ሆኖ ያብረቀርቃል። የተላጠው ቦታ ፈዘዝ ያለ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ ግራጫ ምልክት ሆኖ ይታያል። ስስ ቋሚ ጭረቶች ብቻ ካየህ አትጨነቅ።

ተላጦ ካገኘኸው ‹ይፈታ› ያለህ ሰውዬ ግማሽ ልክ ነው። ክሮም እንደ ብረት ሲሊንደር ተሞርዶ በትልቅ ፒስተን አይሠራም። መፍትሔው ኒካሲል በሚባል ጠንካራ የኒኬል ልባጥ የተለበጡ ሲሊንደሮችን ከነፒስተናቸው መግዛት ነው። ጊላርዶኒ የተባለው ፋብሪካ እዚያው ማንዴሎ ዴል ላሪዮ፣ የጉዚ ከተማ፣ ያመርታቸዋል። ለአንተ ደግሞ በባቡር የሚደረስ ቦታ ነው። እንዲያም ሆኖ ሞተሩ መውረድ የለበትም። ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ወደ ውጭ ስለወጡ፣ ሞተሩ ሻሲው ላይ እንዳለ ቴስታታውም (የሲሊንደሩ ራስ) ሲሊንደሩም ይወጣል። የጉዚው መሐንዲስ ካርካኖ ይህን ሞተር ሲነድፍ ለሜካኒክ አዝኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ሲሊንደሩ ደህና ከሆነ ወደ ዘይቱ እንሂድ። በቲ3 የዘይት ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ያለው ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ሳጥን) ውስጥ ነው። እሱን ለመቀየር ኮፓው ይወርዳል። ይህን ብዙ ባለቤት ስለሚሰለቸው፣ ለዓመታት ያልተቀየረ ፊልትሮ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ኮፓውን ስታወርድ ታቹ ላይ የተቀመጠውን ጭቃ በጣትህ ዳሰው። ለስላሳ ግራጫ ዝቃጭ የዕድሜ ነገር ነው። ማግኔት የማይስባቸው፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቁ ቅርፊቶች ካገኘህ ግን ወደ ካሜራው ተመለስ። አዲሱን ፊልትሮ ስታስር ከላዩ የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት ብታደርግበት ጥሩ ነው። ራሱን እንዳይፈታ ይይዘዋል፤ የቆዩ የጉዚ ሰዎች ሁሉ የሚያደርጉት ነው። የኮፓው ብሎኖች የሚገቡት አሉሚኒየም ውስጥ ስለሆነ በጉልበት አታጥብቃቸው። የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት 0.75 ሊትር፣ የኋላ ዲፈረንሺያሉ 0.25 ሊትር ነው። እነሱንም አብረህ ቀይራቸው።

አሁን ወደ ቀዝቃዛው ማርሚታ።

እዚህ ላይ ዕድለኛ ነህ። ቲ3 ሁሉ ነገሩ ሁለት ሁለት ነው። ሁለት ካርቦራቶር፣ ሁለት ቦቢና (ለብልጭታው ቮልቱን የሚያሳድግ ጥቅል)፣ ሁለት ፑንቲና፣ ሁለት ኮንደንሰር አለው። ቀኙ እየሠራ ነው። ስለዚህ ቀኙ መመዘኛህ ነው። የተጠረጠረውን ዕቃ ከግራ ወደ ቀኝ አዛውረው። ችግሩ አብሮ ከሄደ ጥፋተኛውን አገኘኸው። ካልሄደ ወደሚቀጥለው ዕቃ እለፍ። አንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ! ሦስት ነገር ባንዴ ቀይሮ «ተስተካከለ» የሚል ሰው ምን እንደተስተካከለ አያውቅም።

ከካንዴላው ጀምር። ካንዴላዎቹን አለዋውጥ። ከዚያ ብልጭታ እይ። ካንዴላውን ከነገመዱ ቴስታታው ላይ በደንብ አስነካውና ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) አዙር። ገመዱን ክፍት ትተህ አታዙር፤ ቦቢናውን ትጎዳለህ። አካባቢው ላይ የፈሰሰ ቤንዚንም አይኑር።

የግራው ብልጭታ ከሌለ ወይም ከደከመ፣ ፑንቲናውን ጠርጥር። ታንኩን አንሳው፤ ለእጅህም ለዓይንህም ይመቻል። ክዳኑን ስትከፍት ሁለት ጥንድ ትናንሽ ኮንታክቶች ታያለህ። ለዓመታት ሲቆሙ ፊታቸው ላይ ዓይን በደንብ የማይለየው ግራጫ ሽፋን ይሠራል። ኮረንቲ አያሳልፍም። ሰው የሚሞኘው እዚህ ነው። ፑንቲናው ንጹሕ ይመስለዋል፣ ቦቢና ይገዛል።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። ነጭና ጠንከር ያለ ወረቀት በቀጭኑ ቁረጥ፤ የቪዚት ካርድ ይሆናል። በአልኮል ወይም በኮንታክት ማጽጃ አርጥበው። ፑንቲናውን ክፈትና ወረቀቱን በመሃል አስገባ፤ ይዝጋበት። ከዚያ ሳበው። ወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። አዲስ ቁራጭ ቀይርና ድገመው፤ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። የተበሳሳ ወይም ጉብታ ያወጣ ከሆነ ግን በወረቀት አትልፋ፤ አዲስ ግዛ። ሻካራ የአሸዋ ወረቀት አትጠቀም።

አሁን ቴስተርህን አምጣ። ቁልፉን ክፈት። ጥቁሩን ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ፣ ቀዩን ወደ ፑንቲናው በሚሄደው ሽቦ ላይ ያዝ። ፑንቲናው ሲዘጋ ንባቡ ዜሮ ጋ መጠጋት አለበት። ሲከፈት የባትሪውን 12 ቮልት ማሳየት አለበት። ተዘግቶ እያለ ብዙ ቮልት የሚያሳይህ ከሆነ ገና አልጸዳም፣ ወይም የመሬት መስመሩ ዝጓል። ተከፍቶ እያለ ዜሮ ከሆነ ወይ ለቦቢናው ኮረንቲ አይደርስም፣ ወይ ሽቦው የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል፣ ወይ ኮንደንሰሩ ሞቷል። ቁልፉን ከፍተህ ረጅም ጊዜ አትቆይ። ፑንቲናው ተዘግቶ ከሆነ ቦቢናው ይግላል።

ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ክፍተቱን ስትነካ ታይሚንጉም ይዛነፋል፤ ስለዚህ እሱንም አስተካክል። ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ መንኮራኩር) ላይ ምልክቶች አሉ፤ በቀኝ በኩል ባለው የጎማ ክዳን ቀዳዳ ይታያሉ። ጣሊያን አገር ስለምትኖር ፊደሎቹ አያስቸግሩህም። ኤስ (S) ሲኒስትራ፣ ግራ፤ ዲ (D) ዴስትራ፣ ቀኝ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች የየራሳቸው ፑንቲና ስላላቸው ለየብቻ ነው የሚስተካከሉት። የቀኙን ጨርሰህ ወደ ግራው እለፍ።

ብልጭታው ደህና ሆኖ ሲሊንደሩ ካልሠራ ቤንዚኑ ነው። ለመለየት አንድ ነገር ልብ በል። ጋዝ ስትሰጠው የግራው የሚቀሰቀስ፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው ሲዞር) ግን የሚሞት ከሆነ የሚኒሞው ጂግሌር፣ ቤንዚን የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ ያለው የካርቦራቶር ዕቃ፣ ተደፍኗል። ጨርሶ የማይቀሰቀስ ከሆነ ቤንዚን ካርቦራቶሩ ድረስ መድረሱን አረጋግጥ። የካርቦራቶሩ ሠሪ ዴሎርቶ ጂግሌሩ ላይ የሚጽፈው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፤ በመቶኛ ሚሊ ሜትር። 50 የሚል ከሆነ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ነው። በዚህች ቀዳዳ ላይ ነው የ15 ዓመት ቤንዚን ደርቆ ሙጫ የሆነው። ወደ ብርሃን ያዘውና ተመልከት፤ ክብ ብርሃን ካላየህ ተደፍኗል። በካርቦራቶር ማጽጃ ዘፍዝፈው፣ ከዚያ በአየር ንፋው። በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ አትጎርጉረው። ናስ ነው፤ ቀዳዳው ይሰፋና ሁለተኛ አይስተካከልም።

ታንኩ ውስጥ ያለውን አሮጌ ቤንዚን ደግሞ ድፋው። ድፋው ስልህ መሬት ላይ አይደለም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ወዳዘጋጀው የቆሻሻ መቀበያ ውሰደው። ታንኩ ዝጎ ከሆነ ካርቦራቶሩን ስንት ጊዜ ብታጸዳ ዋጋ የለውም።

ቤንዚኑም ብልጭታውም ደህና ከሆኑ የቫልቭ ክፍተቱን እይ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ 0.22 ሚሊ ነው፤ ለመግቢያውም ለመውጫውም። ከዚያ ኮምፕሬሽን ለካ። ቁጥሩ ራሱ ብዙ አይነግርህም። ግራና ቀኙ መቀራረባቸው ነው ቁም ነገሩ።

ቀዩ መብራት። ይህን ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል። «አምፖል ነው፣ በኋላ እቀይረዋለሁ» ይላል። በዚህ ሞተር ሳይክል ግን አምፖሉ የሥራው አካል ነው። የቦሽ ዲናሞ ማመንጨት የሚጀምረው በአምፖሉ በኩል በምትሄድ ትንሽ ኮረንቲ ነው። ኮረንቲዋ በሬጉሌተሩ (ቮልቱን በሚቆጣጠረው)፣ በካርቦኑ አድርጋ ወደ ሮተሩ (የሚዞረው የዲናሞው ክፍል) ጥቅል ትገባና ማግኔት ታደርገዋለች። አምፖሉ ከተቃጠለ መንገዷ ተዘጋ ማለት ነው። አዲሱ ባትሪህም ቀስ እያለ ያልቃል።

መጀመሪያ አምፖሉን አውጥተህ እይ። ደህና ከሆነ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ ከአምፖሉ ወደ ዲናሞው የሚሄደውን ሽቦ ንቀል፤ ዲ ፕላስ (D+) የተጻፈበት ጋ ነው የሚገባው። ትክክለኛው ሽቦ መሆኑን በቴስተር አረጋግጥ። ቁልፉ ሲዘጋ ዜሮ፣ ሲከፈት ቮልት ማሳየት አለበት። ቁልፉ ተዘግቶም 12 ቮልት ካሳየህ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣው ነው፤ እንዳትነካካው። ትክክለኛውን ሽቦ ብረት ላይ አስነካው። አምፖሉ ከበራ እስከዚያ ያለው መስመር ደህና ነው። ችግሩ ሬጉሌተሩ፣ ካርቦኑ ወይም ሮተሩ ላይ ነው።

ዲናሞው ከፊት፣ አሉሚኒየም ክዳኑ ሥር ነው። ክዳኑን ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀል። ይህን አደራ! ክዳኑ ሲወጣ የዲናሞውን ጫፎች ሊነካ ይችላል፤ ያኔ ዳዮዶቹ ይቃጠላሉ። ካርቦኖቹን አውጥተህ ማለቃቸውንና ቤታቸው ውስጥ በነፃ መንሸራተታቸውን እይ። ሮተሩ ላይ ያሉትን ሁለት የመዳብ ቀለበቶች በጨርቅ ጥረግ። ከዚያ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ኦም ለካ። ጥቂት ኦም ካሳየ ደህና ነው። ምንም ካላሳየ የሮተሩ ሽቦ ውስጡ ተበጥሷል። የእነዚህ ዲናሞዎች የታወቀ በሽታ ነው፤ እንደገና የሚጠቀልሉ ሰዎች አሉ። ሁሉን ገጥመህ ሞተሩ 3000 ዙር አካባቢ ሲሆን ባትሪው ላይ 14 ቮልት ገደማ ማየት አለብህ።

እግረ መንገድህን የፊውዝ ሳጥኑን ክፈት። የዚያን ዘመን የጣሊያን ፊውዞች ጫፋቸው ሾጣጣ ነው፤ በስስ የመዳብ ምላስ ነው የሚያዙት። ምላሱ ይዝጋል፣ ይላላል። ግማሹ የ«ኤሌክትሪክ ችግር» እዚህ ነው ያለው። የባትሪውን የመሬት ገመድ ጫፍም ፍታና አጽዳ።

ፍሬኑን ሳትጨርስ ጋራዡን ለቀህ እንዳትወጣ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የቲ3 ፍሬን የተያያዘ ነው። ፔዳሉን ስትረግጥ የኋላው ዲስክና የፊት ግራው ዲስክ አብረው ይይዛሉ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የፊት ቀኙን ብቻ ነው። ስለዚህ ፔዳሉ ወረደ ማለት ሦስት ዲስክ ካለው ሞተር ሳይክል ሁለቱ የሉም ማለት ነው።

የጎማ ቱቦዎቹን ያለ ጥያቄ ቀይር። ከውጭ ደህና መስለው ውስጣቸው አብጦ የተዘጋ ብዙ ናቸው። የካሊፐሮቹን (ዲስኩን የሚይዙትን) ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያ፣ ሁሉ ቀይር። የፍሬን ፖምፓውንም እንዲሁ። ካሊፐር ውስጥ የደረቀ ፒስተን በአየር ግፊት ስታስወጣ ጣትህን አርቅ፤ እንጨት ከፊቱ አድርግ። ፒስተኑ ከዛገ አትሞርደው፤ ቀይረው። የፍሬን ዘይቱ ዶት 4 ይሁን። የታንክህን ቀለም ስለሚያነሳ በአቅራቢያህ ውኃና ጨርቅ ይኑርህ።

አየሩን ማስወጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ግራ የሚሄደው መስመር ረጅም ስለሆነ ላዩ ላይ አየር ይቀራል። ካልወጣልህ የፊት ግራውን ካሊፐር ፍታ፤ ማስወጫዋ ከሁሉም በላይ እንድትሆን አድርገህ ያዝ። በሸራዎቹ መካከል እንጨት አስገብተህ ፔዳሉን ቀስ እያልክ ምታ። አንዳንዱ ተበሳጭቶ የተያያዘውን ፍሬን ለያይቶ እንደ ሌላው ሞተር ሳይክል ያደርገዋል። እኔ አልመክርህም። በትክክል ሲሠራ ግሩም ፍሬን ነው። ሬቪዚዮኔ (የተሽከርካሪ ምርመራ) ላይ ጥያቄ የሚያመጣ ለውጥ ለምን ትጀምራለህ?

ጎማዎቹን ጉድጓዳቸው ጥልቅ ነው ብለህ አታምናቸው። ጎማው ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱና ዓመቱ ናቸው፤ 3509 ከሆነ የ2009 35ኛ ሳምንት። 15 ዓመት የቆመ ጎማ ይጣላል፤ በቃ።

ወጪ ከመጀመርህ በፊት ደግሞ ወረቀቱን እይ። የመንገድ ግብር ለዓመታት ሳይከፈል የቆየ ተሽከርካሪ ከመዝገብ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። ፒአርኤ (የጣሊያን የተሽከርካሪ መዝገብ ቤት) ሄደህ በሰሌዳው አስጠይቅ። ቢሰረዝም የታሪካዊ ተሽከርካሪ መንገድ አለው፤ ጊዜና ገንዘብ መውሰዱን ግን አስቀድመህ ማወቅ አለብህ።

ሁሉም ተስተካክሎ ስታስነሳው የጋራዡን በር ክፈት፤ ጭሱ ይገድላል። መጀመሪያ ማርሽ ስታስገባ በድንገት ሊፈናጠር ይችላል። ደረቁ ፍሪሲዮን (ክላች) ለዓመታት ሲቆም ይጣበቃል። ስለዚህ በመሃል መቆሚያው ላይ እንዳለ፣ የኋላ ጎማው አየር ላይ ሆኖ ሞክረው። ካልለቀቀ የፍሪሲዮኑን እጀታ ስበህ እሰርና አሳድረው። ከዚያ ሚኒሞ ላይ ሆኖ ጋዝ ስትሰጠው ወደ ቀኝ ጋደል ይላል። እንዳትደነግጥ። የሞተሩ ዘንግ ከፊት ወደ ኋላ ተጋድሞ ስለሚዞር ነው፤ የዚያን ዘመን የዚህ ዓይነት ትልልቅ ጉዚዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ደንበኛ ይህን «ብልሽት» ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ።